ጋሼ ሙሳና ስምንት ኪሎ ማሾ

በዚህ አገር ዕቃ ለብቻው የገዛ ሰው የለም። ገዛሁ የሚል ካለ ወይ እየዋሸ ነው፣ ወይ ተታሏል። ጫማም ይሁን በግ፣ ባልዲም ይሁን ሻንጣ፣ ከገዢው ጎን አንድ ሰው ይቆማል፤ ያልተጠየቀውን የሚመልስ፣ ያልከፈለበትን የሚያማርር፣ ገና ከሩቅ ሲታይ የሻጩን ፊት የሚያጠቁር። አስመራጭ ይባላል። በየከተማው አንድ አለ። ይህን ስታነቡ የራሳችሁ አስመራጭ ትዝ ሳይላችሁ አይቀርም፤ ዕድሜ ይስጥልን።

የሸዋ ሮቢቱ አስመራጭ ግን ከበግ እስከ ባልዲ ሁሉም ውስጥ የሚገባ ተራ አስመራጭ አልነበረም። ክቡርነታቸው ጋሼ ሙሳ የሚያስመርጡት የሚታዘልና የሚነገት ነገር ብቻ ነበር። በግ ያስመርጡኝ ብሎ የመጣ ሰው ቢኖር “ማንገቻ አለው?” ብለው ይመልሱታል። ሃያ ሰባት ዓመት በእህል መጋዘን የጆንያ አፍ ሲሰፉ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ የጆንያውን መርፌ ይዘው ወጡ፤ በሸሚዛቸው ደረት ኪስ፣ ከእስክሪብቶው ጎን ይሰኩታል። ትንሿ ልጃቸው ናጅዋ ሕፃን ሳለች አባቷ ወታደር፣ መርፌው ደግሞ መሣሪያቸው ይመስላት ነበር።

ምርመራው ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ ቦርሳው ይገለበጣል፤ ክቡርነታቸው የቦርሳ ፊት አይተው አያውቁም፣ ሆዱን ነው የሚያዩት። ቀጥሎ ዚፑ በአንድ እጅ ብቻ አሥር ጊዜ ይከፈታል፣ አሥር ጊዜ ይዘጋል። ሁለት እጅ የጠየቀ ዚፕ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ከዚያ ቦርሳው በሱቁ በር ብረት ላይ ይሰቀልና ጋሼ ሙሳ ራሳቸው ማንገቻውን ይዘው ይንጠለጠሉበታል። ከዚህ ሁሉ ያመለጠ ቦርሳ ካለ ማሾው ይመጣል።

ማሾው ስምንት ኪሎ ነው፤ ከቤት ተመዝኖ በከረጢት የሚመጣ። ጤፍ ለምን አይሆንም ብሎ የጠየቃቸው አንድ አስተማሪ ነበር። “ጤፍ በሸራም ያልፋል፤ በጤፍ መፈተን ግፍ ነው” አሉት። “ባቄላ ደግሞ ለሻጩ ያደላል። ማሾ ለማንም አያደላም።” ማሾው ቦርሳው ውስጥ ይገለበጥና ገዢው አዝሎት በዚያ በቀትር ፀሐይ እስከ ሮቢ ወንዝ ድልድይ ሄዶ ይመለሳል። ጋሼ ሙሳ ከሱቁ ደጃፍ ቆመው ጀርባውን ይከታተላሉ። “ዞረህ እንዳታይ!” ይላሉ ከኋላ። “ከዞርክ ትከሻህ ይጣመምና ያታልለኛል!” አንድ ፍሬ ማሾ መንገድ ላይ ከተገኘ ቦርሳው ወደቀ ማለት ነው።

ፍርዱ ሁለት ዓይነት ነው። ለወደቀው “ይኼ ቦርሳ ነው ወይስ የቦርሳ ፎቶ?” ይባላል። ላለፈው “ይሁን” ይባላል። ከዚያ በላይ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። የቦርሳ ነጋዴው ቃሲም፣ በእሳቸው እጅ የደረሰበትን አላህ ብቻ የሚያውቀው ቃሲም፣ አንድ ቀን ምርር ብሎት “ጋሼ፣ ምናለ አንድ ጊዜ እንኳ ማሻአላህ ቢሉልኝ?” አላቸው።

“ማሻአላህ የሚባለው ለልጅና ለአዝመራ ነው፤ ለጨርቅ አይባልም።”

ናጅዋ ይህን ስትሰማ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ለልጅም ሲሉ ሰምታ እንደማታውቅ በሆዷ ያዘች።

የካሚልን ሠርግ ያላወራ ሸዋ ሮቢቴ የለም። ካሚል ለሙሽራዋ የሚሄደውን ልብስ መያዣ ሻንጣ ሊገዛ ጋሼ ሙሳን ይዞ ወጣ፤ ሠርጉ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። በሦስት ቀን አሥራ አንድ ሻንጣ ወደቀ። ካሚል ስምንት ኪሎ ማሾ ተሸክሞ ከድልድይ ሲመላለስ የሰነበተ ሙሽራ በመሆኑ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ ወደ ሠርጉ ገባ። ሠርጉ ሲደርስ ሻንጣ የለም። ጋሼ ሙሳ አንድ ንጹሕ ጆንያ አመጡና የሙሽራዋን ልብስ ከተው አፉን ሰፉት። የሙሽራዋ ወገን ሊቆጣ ሲል አንዲት አሮጊት ስፌቱን አየችና ዝም በሉ አለች። ሙሽራዋ ያንን ጆንያ እስከ ዛሬ አልጣለችውም፤ ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት “ስፌቱን መፍታት አሳዘነኝ” ትላለች። ልብሱ ከየት በኩል እንደወጣ የጠየቃት የለም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ጀውሃ ላይ፣ በአንድ ምግብ ቤት የሆነውም አለ። አንድ ፈረንጅ በሳይክል አገር ለአገር ሲዞር ምሳ ሊበላ ቆመ። ጋሼ ሙሳ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ እዚያው ተቀምጠው ነበር። ሰውየው ቦርሳውን ሳያወርድ ጥብሱን ሲጎርስ ከኋላው አንድ ሽማግሌ ማንገቻውን ይጎትታል። ሌባ መስሎት ዘሎ ተነሣ። ጋሼ ሙሳ አልሸሹም፤ በመርፌያቸው እየጠቆሙ ማንገቻው ሊበጠስ ሁለት ክር እንደቀረው በምልክት አስረዱት፤ ከዚያ ሰውየውን አስቀምጠው፣ ቦርሳው ከጀርባው ሳይወርድ ሰፉለት። ፈረንጁ እጃቸውን ጨብጦ ብዙ ነገር ተናገረ። “ምን አለዎት?” ሲባሉ “ይሁን አለ” ብለው መለሱ።

የናጅዋን ቦርሳ የመረጡላት ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ከኮሌጅ በእንስሳት ጤና ተመርቃ፣ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ መጣች። አባቷ የምስክር ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ካዩ በኋላ “ይሁን” አሉ። ሥራዋ የቀወት ወረዳ ቀበሌዎችን እየዞሩ ከብትና ፍየል መከተብ ነበር። እስከ ተራራው እግር በማውንቴን ሳይክል ትሄድና ሳይክሉን ከገበሬ ግቢ ትታ ሽቅብ በእግሯ ትወጣለች። በከተማው ሴት ልጅ፣ ያውም የጋሼ ሙሳ ልጅ፣ በሳይክል ላይ ስትታይ ብዙ ተወራ። ወሬው አባቷ ዘንድ ሲደርስ “ሳይክሉን ተዉት፣ ጀርባዋ ላይ ያለውን እዩ” አሉና ወሬኞቹን ይዘው ገበያ ወጡ።

ሰባት የገበያ ቀን ፈጀ። ቦርሳው ሳይክል ላይ ስታጎነብስ ከጀርባዋ ተጣብቆ የማይወዛወዝ መሆን አለበት። ዳገት ላይ ደግሞ ሸክሙን ከትከሻዋ ወደ ወገቧ የሚያወርድ ሰፊ ቀበቶ ያሻዋል። የክትባቱን የበረዶ ሳጥን መያዝ አለበት፤ በላብም መበስበስ የለበትም። ናጅዋ በሰባቱም ቀን በሰው ፊት ስምንት ኪሎ ማሾ አዝላ ወደ ድልድዩ ሄደች፤ የምታውቃቸው ልጆች እየሳቁ ስለሆነ በየመሐሉ ዞራ ታያለች፣ አባቷም “አትዙሪ አልኩሽ!” እያሉ እንደገና ያስጀምሯታል። በሰባተኛው ቀን ከቃሲም ልባሽ ክምር ሥር አንድ ግራጫ የሸራ ቦርሳ ወጣ። ተገለበጠ፣ ተጎተተ፣ ተንጠለጠሉበት፣ ድልድይ ሄዶ መጣ። አንድም ፍሬ አልጣለም።

“ይሁን” አሉ ጋሼ ሙሳ።

ናጅዋ ሌላ ቃል ጠብቃ ነበር። ሥራ ልትጀምር ነው፣ ከልጆቻቸው የመጀመሪያዋ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ ምናለ ማሻአላህ ቢሉኝ ብላ አዘነች። ያን ክረምት ቦርሳዋ ዝናብ መትቶት ሰነበተና ከታችኛው ኪስ ጥግ የማሾ ቡቃያ ብቅ አለ። ከምርመራው ጊዜ ስፌቱ እጥፋት ውስጥ የቀሩ ፍሬዎች ነበሩ። ገበሬዎቹ “ዶክተሯ ማሾ ዘርታ መጣች” እያሉ ዓመት ሙሉ ሳቁባት። ቡቃያውን ነቅላ ጣለችው፤ ቦርሳው ግን ዘጠኝ ዓመት ተሸከመላት።

ጋሼ ሙሳ መርሳት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆናቸው። መጀመሪያ የታወቀው በገበያ ነው። አንድ ገዢ ማሾውን አዝሎ ወደ ድልድዩ ሄደ፤ ሲመለስ ጋሼ ሙሳ ጠብቀው ክንዱን ያዙና “ማሾዬን ይዘህ ወዴት ነው?” ብለው ጮኹበት። ሰው ሁሉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። በሚቀጥለው ገበያ ያው ነገር ሲደገም የሳቀ አልነበረም። ሐኪሙ በዕድሜ የሚመጣ የመርሳት ሕመም ነው፣ እየባሰ ይሄዳል አላት። ናጅዋ ሳይክሏን እየገፋች ወደ ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ አለቀሰች።

ቤት ሲሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ያውቋታል። ገበያ ሲወጡ ግን ትጠፋባቸዋለች። “ልጄ” ይሏታል፤ ደስ ይላታል፤ ወዲያው ቲማቲም ሻጯንም ልጄ ሲሉ ትሰማለች።

ዘንድሮ ወደ መንዝ ደጋ ዝውውር ደረሳት፤ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው። አባቷን የወንድሟ ሚስት ፈሪሃ ተቀበለች፤ እሷ በእጇም በአንደበቷም መልካም ሴት ናት፣ ናጅዋ በዚያ አልተጨነቀችም። የአሮጌው ቦርሳ አንዱ ማንገቻ ግን ከሥሩ ሊላቀቅ ደርሶ ነበር። ናጅዋ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ አባቷ የመረጡላትን አዲስ ቦርሳ አዝላ መሄድ። ስትመለስ ማን ብለው እንደሚቀበሏት አታውቅም። አሁን፣ የእሷ መሆኑን እያወቁ፣ አንድ “ይሁን” እንዲሉላት ፈለገች። ያቺን ያን ጊዜ የናቀቻትን ቃል።

በመጀመሪያው ገበያ ቃሲም አንድ ሰማያዊ ቦርሳ አወጣ፤ ጥሩ ነበር፣ ናጅዋም አይታው ወድዳዋለች። ጋሼ ሙሳ ቀበቶው ጠባብ ነው ብለው ጣሉት። በሁለተኛው ገበያ ቃሲም ያንኑ ቦርሳ “ትናንት የገባ ነው ጋሼ” ብሎ አቀረበ። በዚፑ ጣሉት። “የቦርሳ ፎቶ!” አሉ፤ ቃሲም እንደ ድሮው የተናደደ መስሎ እጁን አወራጨ፤ እሳቸው ደስ እንዲላቸው ነው።

በሦስተኛው ገበያ ሰማያዊው ቦርሳ ሁሉንም አለፈ። ናጅዋ ድልድይ ደርሳ ስትመለስ ጋሼ ሙሳ ማንገቻውን አንድ ጊዜ ጎተት አደረጉና “ይሁን” አሉ። ናጅዋ ገንዘቧን አወጣች። ከዚያ ጠየቁ፦

“ለማን ነው የሚገዛው?”

“ለናጅዋ ነው አባባ።”

“ለናጅዋ?” ፊታቸው ተለወጠ። “ኧረ ተዪ ልጄ፣ ናጅዋ ገና ሦስተኛ ክፍል ናት። ይኼ ያጎብጣታል። ለእሷ ደብተር መያዣ ፈልጊላት።”

ቃሲም በጆሮዋ “ብለዋል እኮ፣ ውሰጂው” አላት።

“ለእኔ አይደለም ያሉት” አለችና ቦርሳውን መለሰችለት።

አራተኛው ገበያ የመጨረሻው ነበር፤ በማግስቱ ትሄዳለች። ተስፋ ቆርጣ ነበር። አባቷን ማሾአቸውን አስይዛ የወጣችው ከቤት መቅረት ስለማይወዱ ብቻ ነው። የእሳቸውን ጃኬትና ውኃ በአሮጌው ግራጫ ቦርሳ አዝላለች። ከቃሲም ሱቅ በረንዳ ተቀመጡ። ጃኬቱን ልታወጣ ቦርሳውን ስታወርድ ማንገቻው ከሥሩ ቷ ብሎ ተላቀቀ።

ጋሼ ሙሳ ከእጇ ቀሙት። ገለበጡት። የታችኛውን ጥግ በጥፍራቸው ፈተሹና ከእጥፋቱ ውስጥ አንድ የደረቀች፣ የጠቆረች ፍሬ አወጡ። መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩአት።

“ማሾ” አሉ። “ይኼ ቦርሳ ተፈትኗል።”

ናጅዋ ወደ ፍሬዋ ጎንበስ አለች። ቃሲምም የሚያጥፈውን ሸራ ጣለው።

“ልጄ፣ ይኼን ማን መረጠልሽ?”

“አባቴ ናቸው” አለች ናጅዋ። ስለ ራሳቸው እንደ ሌላ ሰው አድርጋ ማውራቱን ለምዳዋለች።

ጋሼ ሙሳ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው እየተከተሉ ሄዱ። ቀበቶውን አዩ፣ ዘለበቱን ከፍተው ዘጉ፣ ዚፑን በአንድ እጅ ሳቡት። “ዳገት የምትወጪ ነሽ። ሳይክልም ትነጃለሽ፤ እዚህ ጋ የተፋቀው የሳይክል ነው። ሰውየው ይኼን ሁሉ አስቦልሻል። ዝም ብሎ የገዛው አይደለም።” ቀና ብለው አዩአት። “ብዙ ቀን ፈጅቶበት ይሆናል።”

“ሰባት ገበያ።”

“ማሻአላህ” አሉ ጋሼ ሙሳ።

ቃሲም ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

“በሕይወት አለ?”

“አሉ።”

“አልሃምዱሊላህ። ሰላም በይልኝ። ዕቃ ያውቃል በይው።” መርፌውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። “ልጁንም ይወዳል። ለማይወዱት ሰው እንዲህ አይመረጥም።”

ቃሲም ሲባጎ አመጣ፣ ሳይጠየቅ። ጋሼ ሙሳ እዚያው በረንዳ ላይ ማንገቻውን ሰፉት። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት አራት ጊዜ ሳቱ፣ ላግዝዎት ስትል በክርናቸው ገፏት። ናጅዋ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችውን ቃል አግኝታ፣ የምትነግረው ሰው አጥታ ተቀመጠች። ሰማያዊውን ቦርሳ አልገዛችም።

ከዙህር ሶላት በኋላ ቤት ደረሱ። ጋሼ ሙሳ ከግቢው ማንጎ ሥር አረፍ ብለው ውኃ ጠጡና “ናጅዋ፣ ፀሐይ መትቶሻል፣ ተቀመጪ” አሏት። አወቋት። መልእክቱን የማድረሻው ጊዜ አሁን ነው ብላ አጠገባቸው በርጩማ ሳበች።

“አባባ፣ ገበያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሰላም በይልኝ ብለውኛል። ቦርሳዬን አይተው፣ አባትሽ ዕቃ ያውቃል አሉ።”

“ማን ይባላል?”

“ስማቸውን አልጠየቅኩም። ቦርሳ የሚያስመርጡ ናቸው።”

ጋሼ ሙሳ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። “እዚህ? ሸዋ ሮቢት ውስጥ? ከእኔ ሌላ?”

“አዎ።”

“እሱ ምን ያውቃል!” አሉ በቁጣ። “የጆንያ መርፌ በእጁ ይዞ ያውቃል?”

ፈሪሃ ከቤት ውስጥ ሳቀች። ናጅዋም ሳቀች፤ ከወራት በኋላ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ሲዞርባት ሻሿን ሳብ አድርጋ ዓይኗን ጠረገች።

“ማንገቻውንም ሰፍተውልኛል።”

“አምጪው እስቲ።” ገለበጡት። አዲሱን ስፌት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ ቆም አሉ፣ እንደገና ዳሰሱ። “ይኼን የሰፋው ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል” አሉ ቀስ ብለው።

“አዎ አባባ። ይንቀጠቀጣል።”

“ምስኪን።” ማንገቻውን ባላቸው ጉልበት ጎተቱት። አልተነቃነቀም። ሰውየውን ለማመስገን እንዳልፈለጉ ያስታውቃል፤ ሆኖም ሐቀኛ ሰው ናቸው። “ቋጠሮውን ግን ያውቅበታል። ይሁን።”

ናጅዋ ቦርሳውን ተቀበለች።

“እዘዪውና እስከ አጥር በሩ ሂጂ” አሏት። “ትከሻሽን ልየው። ዙሪ እስክልሽ እንዳትዞሪ።”

አዘለችው። ነገ በዚህ ሰዓት በዚያ በር ወጥታ መንዝ ልትሆን ነው። እያንዳንዷን እርምጃ ቀጥ አድርጋ ሄደች፣ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ፊቷ በእንባ ርሷል፤ ከኋላ ግን አይታይም። ፈሪሃ ለአማቷ ምሳ ስታቀርብ፣ እሳቸውም ስለ ማንጎው አበባ ሲያወሯት ሰማች። ስለ ቦርሳው ረስተዋል፤ በሩ ላይ ሰው ማቆማቸውንም ረስተዋል።

ናጅዋ ግን ዙሪ አልተባለችምና አልዞረችም። ቦርሳዋን እንዳዘለች፣ ትከሻዋን አስተካክላ፣ ጀርባዋን ለአባቷ ሰጥታ እዚያው ቆመች።